በማዕረግ መመረቅ፦ ቁጥሩ፣ ጋዋኑና ምስክሩ

«በማዕረግ ተመረቀ» የሚለው አባባል ለጆሯችን እጅግ የተለመደ በመሆኑ ቆም ብለን አናጤነውም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ የማይመሳሰሉ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ማዕረግ» የተገኘው «ዐርገ»፣ ማለትም ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ ሲሆን መነሻ ፍቺው መወጣጫ ወይም ደረጃ ነው። «ዕርገት» የሚለው የበዓል ስምም የዚሁ ግሥ ዘር ነው። ከውጭ የመጣው «ዲግሪ» የሚለው ቃልም መሠረቱ «ግራዱስ» የተሰኘው የላቲን ቃል ነው፤ እርሱም እርምጃ ወይም ደረጃ ማለት ነው። እንግዲህ ማዕረግና ዲግሪ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት መሰላል ሠርተዋል ማለት ይቻላል። «ተመረቀ» ግን ከዚህ ፈጽሞ የራቀ ነው፤ ምርቃት ተቀበለ ማለት ነውና። ማዕረግ ይለካል፤ ምርቃት አይለካም።

በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ወደሆነችው ወደ ቢዮ አዋሌ ብንሻገር ጉዳዩ ይበልጥ ይሰፋል። የስሟ የመጀመሪያ ክፍል «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ማለት ነው። በድሬዳዋ ገጠሮች ኦሮምኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ከተማው ሲደረስ ደግሞ አማርኛ ይጨመራል። በኦሮምኛ የተማሪ ምረቃ «ኤባ» ይባላል፤ ይህም ቃል ልክ እንደ አማርኛው ምርቃት ማለት ነው። በሶማልኛ ግን ምረቃ «ቀሊን ጀቢን» ነው፤ ቃል በቃል ብዕር መስበር ማለት ነው። ከአንድ ቀበሌ ወጥተው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጋዋን ከሚለብሱ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ተመርቆ፣ ሌላው ብዕር ሰብሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። (በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከዚሁ ከ«መረቀ» ሥር የወጣ ሌላ ቃል እንዳለ፣ እርሱም ከጫት እንጂ ከትምህርት ጋር እንደማይያያዝ አንባቢ ያውቃል።)

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ልኩንና ምርቃቱን፣ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድን ተማሪ «በማዕረግ» ሲል በትክክል የሚለካው ምንድን ነው? የሚለካውስ የቃሉን ፍቺ፣ ማለትም መውጣትን፣ ነውን?

የማስተማር ፈቃድ

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ አረማመዱን አይቶ ጉልበቱን ይገምታል። ዕውቀት ግን እንዲህ በዓይን አይታይም። ሐኪም ነኝ የሚለውን ሰው የማያውቀው በሽተኛ ሊፈትነው አይችልም፤ ሊፈትነው የሚችል ቢሆን ኖሮ ሐኪም ባላስፈለገው ነበር። ስለዚህ ዕውቀት በማኅበረሰብ ውስጥ ተቀባይነት እንዲኖረው «ይህ ሰው ያውቃል» ብሎ የሚመሰክር፣ ራሱም የታወቀ ሦስተኛ ወገን የግድ ያስፈልጋል። የምረቃ ሥነ ሥርዓት ጌጡና ሙዚቃው ሁሉ ሲነሣለት የሚቀረው ይህ የምስክርነት ተግባር ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ዲግሪ ማለት የማስተማር ፈቃድ ነበር። «ዶክተር» የሚለው ስም ማስተማር ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ሲሆን «ማስተር» የተባለውም «ማጊስተር»፣ ማለትም መምህር፣ ከሚለው ነው። እንግዲህ ዶክተር የሚለው መጠሪያ በመነሻው የሐኪም ሳይሆን የመምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1233 ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ በቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ማዕረግ ያገኘ ሰው በሌላ ቦታ ዳግመኛ ሳይፈተን ማስተማር እንዲችል ፈቀዱ። ዛሬ አንድ የድሬዳዋ ምሩቅ ዲግሪውን ይዞ በባሕር ዳር ወይም በሌላ አገር ሲቀጠር የሚጠቀመው በዚሁ ሐሳብ ነው።

በእስልምናው የትምህርት ሥርዓት የዚህ ተነጻጻሪ «ኢጃዛ» ነው። ኢጃዛ ማለት ፈቃድ ሲሆን፣ የሚሰጠው ግን ተቋም ሳይሆን መምህር ነው፤ ተማሪው እፊቱ ያነበበውን መጽሐፍ ለሌሎች እንዲያስተምር በስሙ ይፈቅድለታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት ደግሞ «ማስመስከር» አለ። ድጓ በአገሩ መምህር ዘንድ የተማረ ደቀ መዝሙር ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር እንዲሁ የታወቁ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ያስተማረው ሌላ፣ የሚመሰክረው ሌላ መሆኑ ነው። ይህችን ነጥብ ኋላ እንመለስባታለን።

ዘመናዊው የምረቃ ሥርዓት ወደ አገራችን የገባው ከዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ማስተማር ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዋና ግቢው ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን የያዘው ይህ ዩኒቨርሲቲ ልብሱንና ሰልፉን ከውጭ ቢወስድም መሪ ቃሉን በግእዝ መርጧል። በምሥራቅ ደግሞ ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በ1944 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት የታነፀው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ይኸው ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ሐረማያ ተባለ። ጎረቤቱ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቀድሞ ከቢዮ አዋሌ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከአስተዳደሩ ክልል መውጣት ግድ ይል ነበር፤ ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው።

ጥቁር ልብስ በድሬዳዋ ፀሐይ

ጋዋኑ የመጣው ከቀዝቃዛ አገር ነው። የመካከለኛው ዘመን ተማሪዎችና መምህራን አብዛኞቹ የቤተ ክህነት ሰዎች ስለነበሩ ረዥም ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቻቸውም እሳት የማይነድባቸው የድንጋይ አዳራሾች ነበሩ። ከአንገት ወደ ጀርባ የሚወርደው ባለቀለም ጨርቅ በዚያን ጊዜ ራስን ከብርድ የሚከልል እውነተኛ ቆብ ነበር። ዛሬ የሚያሞቀው ራስ የለም፤ የሚናገረው በቀለሙ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1895 በተደረሰ ስምምነት መሠረት ወርቃማ ቢጫ የሳይንስ፣ አረንጓዴ የሕክምና፣ ሐምራዊ የሕግ፣ ጥቁር ሰማያዊ የፍልስፍና ዶክትሬት ቀለም ሆኗል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይህን አይከተሉም፤ በአዳራሹ የሚታየው የቀለም ልዩነት ግን ምንጩ ከዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ነው። አራት ማዕዘኑ ቆብም ከቀድሞ የካህናት ቆብ የተገኘ ሲሆን የእንግሊዝኛ ስሙ ግንበኛ ጭቃ ወይም ስሚንቶ ከሚይዝበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ የተወሰደ ነው። በፊንላንድ አዲስ ዶክተር ከቆቡ ጋር ሰይፍ ጭምር ይሰጠዋል፤ እኛ ዘንድ የቆቡን ዘርፍ ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር ይበቃል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በሰኔ ወር የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ እንግዳ አይደለም። ሐረማያ ግን 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየር ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የ800 ሜትር ልዩነት 5 ዲግሪ ገደማ የሙቀት ልዩነት ያመጣል። ተመሳሳይ ጋዋን በአንደኛው ግቢ ልብስ፣ በሌላው ግቢ ምድጃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ፀሐይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1000 ዋት ያህል ኃይል ታፈሳለች። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰውነት ደግሞ በራሱ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። ይህ ሙቀት ካልወጣ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል። የአካባቢው አየር ቀዝቃዛ ሲሆን ሙቀቱ ከቆዳ ወደ አየር ይሸሻል፤ የአየሩ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ቆዳና አየር እኩል ስለሚሆኑ የሚቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ላብ በትነት መልክ መውጣቱ። ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ከነጭ ጨርቅ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይውጣል። ታዲያ በሲና በረሃ የሚኖሩ የበደዊን ዘላኖች ለምን ጥቁር ቀሚስ ይለብሳሉ?

ይህን ጥያቄ ሽኮልኒክ፣ ቴይለር፣ ፊንችና ቦሩት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት መልሰውታል። አንድ ፈቃደኛ ሰው በኔጌቭ በረሃ፣ ከ35 እስከ 46 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ አንድ ጊዜ ጥቁር፣ ሌላ ጊዜ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ፀሐይ ላይ እንዲቆም አደረጉ። ጥቁሩ ቀሚስ በእርግጥ ከነጩ የበለጠ ሙቀት ዋጠ፤ ነገር ግን ተጨማሪው ሙቀት ወደ ቆዳው ከመድረሱ በፊት ጠፋ። ለቆዳው የደረሰው ሙቀት በሁለቱም ልብሶች እኩል ነበር። ምክንያቱም ቀሚሱ ሰፊ ነው፤ በጨርቁና በሰውነቱ መካከል ያለው አየር ሲሞቅ እንደ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ በአንገት በኩል ይሸሻል፣ ከታችም ሌላ አየር ይተካዋል። ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ልብሱ እንደ ወናፍ አየሩን ይገፋል።

እንግዲህ የጋዋኑ ጥፋት ጥቁርነቱ ብቻ አይደለም። ተመራቂው ከሥሩ ሱፍ ልብስ ይለብሳል፣ ክራባት ያስራል፣ ጋዋኑንም እስከ አንገቱ ይቆልፋል። አየር የሚወጣበት የአንገት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ጨርቁም ብዙ ጊዜ ላብን የማይመጥ ሰው ሠራሽ ክር ነው። የበደዊኑን ቀለም ወስደን የበደዊኑን ጥበብ ትተነዋል። በእኛ አስተያየት በቆላ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ሰፋ ያለና ከጥጥ የተሠራ ጋዋን ቢያስቡ ወይም ሥነ ሥርዓቱን በማለዳ ቢያደርጉት ከክብሩ የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ማዕረጉ እንዴት ይሰላል?

የማዕረግ ተመራቂዎች የሚለዩት ተማሪዎች ጂፒኤ በሚሉት አማካይ ነጥብ ነው። በተለመደው አሠራር 3.25 እና ከዚያ በላይ «በማዕረግ»፣ 3.50 እና ከዚያ በላይ «በከፍተኛ ማዕረግ»፣ 3.75 እና ከዚያ በላይ «በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ» ያሰኛል፤ ዝርዝሩ እንደየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ደንብ ይለያያል። ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ አላቸው። ይህ አማካይ ግን ነጥቦችን ደምሮ በኮርሶች ቁጥር በማካፈል የሚገኝ ተራ አማካይ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ አስቀድሞ በኮርሱ ክሬዲት ይባዛል።

ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ኤ እና አንድ ሲ አገኙ እንበል። የመጀመሪያዋ ኤ ያገኘችው በባለ 4 ክሬዲቱ የሜካኒክስ ኮርስ፣ ሲ ያገኘችው በባለ 1 ክሬዲቱ የቤተ ሙከራ ኮርስ ነው፤ ነጥቧ 4 ሲባዛ በ4፣ ሲደመር 2 ሲባዛ በ1፣ ማለትም 18፣ በ5 ሲካፈል 3.6 ይሆናል። ሁለተኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ 12 ለ5 ሲካፈል 2.4። ፊደሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንደኛዋ የማዕረግ ተማሪ፣ ሌላው ተራ ተማሪ ነው። ሚዛን ላይ እንዳለ ዕቃ፣ ከመካከሉ የራቀውና የከበደው ክንዱን ይጎትታል።

አማካይ ሌላም ጠባይ አለው፤ እያደር ይከብዳል። 120 ክሬዲት በ3.70 አማካይ የጨረሰች ተማሪ በመጨረሻው ሴሚስተር የቀሯትን 16 ክሬዲቶች ሁሉ በኤ ብታልፍ እንኳ፣ ቀድሞ የሰበሰበችው 444 ነጥብ ላይ 64 ተጨምሮ 508 ይሆናል፤ ለ136 ሲካፈል 3.735። እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ በሯ ላይ ደርሶ አልገባም። ለዚያ 510 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። አንደኛ ዓመት ላይ ግን አንድ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከሲ ወደ ቢ ብታሻሽል ኖሮ 4 ነጥብ ታገኝ ነበር፤ 508 የነበረው 512 በሆነ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይህችን ስሌት አስቀድመው ቢያውቋት መልካም ነው።

የወርቅ ሜዳሊያው ደግሞ ከዚህም በሚቀጥን ክር ላይ ይንጠለጠላል። ሁለት ተማሪዎች 136 ክሬዲት ጨርሰው አንዱ 3.96፣ ሌላዋ 3.95 አገኙ እንበል። ልዩነቱ 0.01 ነው፤ በ136 ሲባዛ 1.36 ነጥብ ይሆናል። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከኤ ወደ ቢ ፕላስ ሲወርድ የሚያሳጣው 1.5 ነጥብ ነው። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ የተፈጠረው ልዩነት ከአንድ ኮርስ ውድቀት ያነሰ ነው። ያ ውድቀትም በራሱ አንዲት የፈተና ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ የፊደሉ ወሰን 80 ከሆነ 79.5 ያገኘው ወዲያ፣ 80 ያገኘው ወዲህ ይወድቃሉና። ማንኛውም የቤተ ሙከራ ተማሪ መለኪያው ራሱ ስሕተት እንዳለው፣ ከዚያ ስሕተት ያነሰ ልዩነትም እንደ እውነተኛ ልዩነት እንደማይቆጠር ያውቃል። ቴርሞሜትር በግማሽ ዲግሪ የሚሳሳት ከሆነ በእርሱ የተለኩ 36.8 እና 36.9 አንድ ናቸው። በመድረክ ላይ ግን አንደኛው ሜዳሊያ ያጠልቃል፣ ሌላዋ ታጨበጭባለች። ይህን የምንለው ሜዳሊያውን ለማቃለል አይደለም፤ ሁለቱም 3.95 የደረሱት በብርቱ ድካም ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው መቶኛ ነጥብ ስለ ዕውቀታቸው የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

መውጣትን የማያይ ቁጥር

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ይህ አይደለም። አንድ የቢዮ አዋሌ ተማሪ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ መማር ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ ካልኩለስ፣ ሌላው ካልኩለስ የተጻፈበት ቋንቋ። ስለዚህ 2.6 አመጣ። በሁለተኛው ሴሚስተር 2.8፣ በሦስተኛው 3.0 እያለ በየሴሚስተሩ በ0.2 እየጨመረ በስምንተኛው 4.0 ደረሰ። የየሴሚስተሩ ክሬዲት እኩል ከሆነ አማካዩ 3.3 ነው።

አሁን ሌላ ተማሪ እናስብ፤ በ4.0 ጀምሮ በየሴሚስተሩ በ0.2 እየቀነሰ በ2.6 የጨረሰ። የእርሱም አማካይ 3.3 ነው። ሬጅስትራሩ ሁለቱንም በአንድ መስመር «በማዕረግ» ብሎ ይጽፋቸዋል። አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ወረደ፤ አማካዩ ግን መውጣትንና መውረድን አይለይም። ቁጥሮቹን በፈለግነው ቅደም ተከተል ብንደረድራቸው ድምራቸው አይለወጥምና። እንግዲህ ከ«ዐርገ» የተወለደው ቃል የሚሰጠው ዕርገትን ማየት በማይችል ስሌት ነው።

ይህ የግድ መሆን ያለበት ነገር አይደለም። በእንግሊዝ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ውጤት ለማለፍ እንጂ ለዲግሪው ደረጃ አይቆጠርም፤ የመጨረሻው ዓመትም ከመካከለኛው የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። ይህ አሠራር የራሱ ድካም አለው፤ በአንደኛ ዓመት መዘናጋትን ሊጋብዝ፣ በመጨረሻው ዓመት ለታመመ ተማሪም ጨካኝ ሊሆን ይችላል። ከገጠር ትምህርት ቤት ለሚመጣ ተማሪ ግን ይበልጥ ፍትሐዊ ይመስለናል። ደንቡ ባይለወጥም እንኳ ትራንስክሪፕቱ እያንዳንዱን ሴሚስተር ለየብቻ ያሳያል፤ ቀጣሪም ሆነ የሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይ ኮሚቴ ከታች ያለውን አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ያለውን አካሄድ ማንበብ ይችላል። ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አስቀምጦ መስመር ማስመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ቁጥር ተጨምሯል። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ፣ ለማለፍም 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲያመጡ ተደነገገ። ከዚያ በፊት በብዙው የትምህርት መስክ አንድ ተማሪ ለመመረቅ የሚያስፈልገው ራሱ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ውጤት ማሟላት ነበር፤ አስተማሪውም መስካሪውም አንድ ነበር። ብዙዎች ይህን ፈተና እንደ ባዕድ ነገር ሲያዩት ሰምተናል። ከላይ ያነሣነውን የድጓ ተማሪ ያስታወሰ ግን ነገሩን አዲስ አይለውም፤ ከመምህሩ ተሰናብቶ ቤተልሔም የሚሄደው ያስተማረው ሰው እንዳይመሰክርለት ነውና። ልዩነቱ፣ የቤተልሔሙ መምህር ተማሪውን እፊቱ አቁሞ ያዜማል ያስዜማል፤ የመውጫ ፈተናው ግን በኮምፒውተር የሚመለስ የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ መምረጡን ያያል፤ ቢዩሬት ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን አያይም።

ስም የሚጠራው ለማን ነው?

በመጨረሻ፣ ከገጠር የመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ ግር የሚላቸውን አንድ ነገር እናንሣ። ወላጆች የልጃቸው ስም ሲጠራ ለመስማት ጆሯቸውን አቅንተው ይቀመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይሰሙትም። ዲኑ የፋኩልቲውን ተመራቂዎች በጅምላ ያቀርባል፣ ሁሉም በአንድነት ይነሣሉ፣ ፕሬዚዳንቱ በሴኔቱ ስም ዲግሪውን ይሰጣል፣ ዘርፎቹ ይዞራሉ፣ ተመራቂዎቹ ይቀመጣሉ። በስም የሚጠሩት ተሸላሚዎች ናቸው። የክብር ዶክትሬት ካለም ተቀባዩ ይጠራል፣ ሥራውም በዝርዝር ይነበባል፤ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያገኘውን የክብር ዶክትሬት ብዙዎች ያስታውሳሉ። ይህ ማዕረግ ያለ ምንም ጂፒኤ፣ በምስክርነት ብቻ የሚሰጥ ነው።

በጅምላ የመመረቁ ምክንያት ንቀት ሳይሆን ሒሳብ ነው። አንድ ስም ለመጥራት፣ ተመራቂውም መድረኩን አልፎ እጅ ለመጨበጥ 6 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ለ2000 ተመራቂዎች 12000 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ይህም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሽልማቱ ሲጨመሩበት በድሬዳዋ ሙቀት፣ ከላይ በገለጽነው ጋዋን ውስጥ፣ ቀኑ በሙሉ ያልቃል። ተመራቂዎች ጥቂት በነበሩበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ዲግሪውን በየግል በእጃቸው መስጠት የቻሉት ተመራቂው በመቶ እንጂ በሺህ ስላልተቆጠረ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለብዙዎች በተከፈተ መጠን የእያንዳንዱ ተመራቂ ድርሻ በመድረኩ ላይ አጥሯል።

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በዓለም ላይ ይህን ችግር የፈቱት ሥነ ሥርዓቱን በመክፈል ነው፤ አጠቃላዩ ጉባኤ በአንድ ቀን፣ ስም የሚጠራበት የየፋኩልቲው ስብሰባ በሌላ ሰዓት ይካሄዳል። አንድ ፋኩልቲ 150 ተመራቂዎች ቢኖሩት በ6 ሰከንድ ስሌት 15 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። እኛ ዘንድ ያልተጠራው ስም የሚገኘው በምረቃው መጽሔት ላይ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ነው። በድምፅ የሚጠራው ደግሞ ማታ፣ ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ሽማግሌው ኤባውን ሲጀምር ነው።